በቆርቆሮና በኮርኒስ መካከል፤ ለደባርቅ፥ ለዳባትና ለስሜን ግርጌ ቤቶች የሚስማማውን የሙቀት መጠበቂያ ስለ መምረጥ

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ደባርቅ ይገባል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ፥ ዳባትም ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብለው የተቆረቆሩ ከተሞች ስለሆኑ፥ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ብርዱ እጅግ ይበረታል፤ ጧት በገብሱ ማሳ ላይ ውርጭ እንደ ጨው ተነስንሶ የሚታይበት ቀን ጥቂት አይደለም። የንግዱ ኅብረተሰብ ለዚህ አገር ከሚያቀርባቸው የቤት መሥሪያ ዕቃዎች መካከል ዋናው ግን ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ዝናብን ይከለክላል፥ እሳት አይበላውም፥ ምስጥም አይነካውም፤ ብርድን በመከልከል በኩል ግን ምንም ዓይነት ችሎታ የለውም።

ስለዚህ ጉዳይ በምሠራበት የንግድ ቤት የሚደርሱን ጥያቄዎች እየበዙ ሄደዋል። አንዱ ባለሱቅ «የመስታወት ሱፉን ላምጣ ወይስ ነጩን ፎም?» ይላል፤ ሌላው «ብልጭልጩ ወረቀት ከሁሉ ይበልጣል ብለውኛል፥ እውነት ነውን?» ሲል ይጠይቃል፤ የእንግዳ ማረፊያ የሚያሠራ ደንበኛ ደግሞ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን ወይስ 10 የሚለው ነገር ያስጨንቀዋል። ዕቃው ከሩቅ አገር የሚመጣ፥ በክብደቱ ቀላል ሆኖ በስፋቱ መኪና የሚሞላ ስለሆነ፥ ያለ ዕውቀት የታዘዘ እንደ ሆነ ኪሳራው በአስመጪውም በገዢውም ላይ ይወድቃል። ከዚህ የባሰም አለ፤ ያለ አግባቡ የገባ መጠበቂያ ቤት ያቃጥላል፥ ሰውም ይገድላል። ይህን ዝቅ ብለን እንደ ተራው እንመለከተዋለን።

የአገራችን ሰው ብርድን የሚከላከልበትን ብልሃት ከውጭ አገር አልተማረም። በስሜን ደጋ የሚሠራው ጎጆ በጓሳ ወይም በሌላ ጠንካራ ሣር ይከደናል፤ የክዳኑም ውፍረት እንደ ባለቤቱ አቅም 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። እንዲህ ያለው ሣር ደረቅ ሆኖ ሲገኝ፥ ሙቀት በመያዝ ረገድ ከውጭ ከመጣ 10 ሳንቲ ሜትር የመስታወት ሱፍ ጋር ቢወዳደር የሚያፍር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሚገኘው ከጊች መንደር የተነሡት ቤተሰቦች ወደ ደባርቅ መጥተው ሰፍረዋል። ጊች 3,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስፍራ ነው። አየር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት በሚያልፍ መጠን ስለሚቀዘቅዝ፥ ደባርቅ ከጊች 4 ዲግሪ ያህል ሞቃ የምትገኝ ናት። ነገር ግን ከወፍራም የሣር ክዳን ወጥቶ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር የሚያድር ሰው፥ አገሩ ለዘብ ብሎለት ሳለ ሌሊቱ ከቀድሞው የከፋ ቢሆንበት የሚያስገርም አይሆንም።

ይህን ስል ወደ ሣር ክዳን እንመለስ ማለቴ አይደለም። ሣር በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ያሻዋል፥ በአንዲት ብልጭታም ይጠፋል። ከዚህም ሌላ፥ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ከተቋቋመ፥ በ1978ም በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ፥ በክልሉ ውስጥ የሚበቅለው ሣር የዋሊያውና የጭላዳው ቀለብ ነውና፥ ከዚያ ታጭዶ የመጣ ጓሳ መግዛትም መሸጥም ለተከበረ ነጋዴ የሚገባ ሥራ አይደለም። የሚያስፈልገው ነገር ቆርቆሮው በላይ ዝናቡን ሲከለክል፥ የሣሩን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር ከሥሩ ማግባት ነው።

ለመሆኑ ሙቀት መጠበቂያ የሚባለው ነገር ሥራው ምንድን ነው? ጋቢ የለበሰ ሰው ይሞቀዋል፤ ጋቢው ግን እሳት የለውም። ጋቢው ያደረገው ነገር ቢኖር በድርና በማጉ፥ በድርብርቡም መካከል አየርን አግቶ መያዝ ነው። ጸጥ ብሎ የቆመ አየር ሙቀትን የሚያሳልፈው በጭንቅ ነው፤ የሚንቀሳቀስ አየር ግን ሙቀቱን ተሸክሞ ይሄዳል። የመስታወት ሱፍ፥ ነጭ ፎም፥ ሰጋቱራ፥ ገለባ፥ የበግ ጠጉር፥ እነዚህ ሁሉ መልካቸውና ዋጋቸው ቢለያይም የሚሸጡት አንድ ነገር ነው፤ የታሰረ አየር። ስለዚህ የተጨፈለቀ፥ የራሰ፥ ወይም ነፋስ የሚገባበት መጠበቂያ ስሙ እንጂ ሥራው የለም።

ነገሩን በቁጥር ማየት ለነጋዴ ይበጃል። 4 በ5 የሆነ ክፍል እንውሰድ፤ ጣራው 20 ካሬ ሜትር ነው። ውጭው 6 ዲግሪ ሆኖ ውስጡ 16 ዲግሪ እንዲቆይ እንፈልጋለን እንበል። ክዳኑ ባዶ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ በጣራው በኩል ብቻ የሚጠፋው ሙቀት 1,400 ዋት ያህል ነው፤ ይኸውም የቀድሞው ባለ 100 ዋት አምፖል 14 ሆኖ ቢበራ የሚሰጠውን ሙቀት የሚያህል ነው። ከሥሩ የቺፑድ ኮርኒስ ሲመታ 600 ዋት ይሆናል። በኮርኒሱ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር የመስታወት ሱፍ ሲነጠፍበት 126 ዋት፥ 10 ሳንቲ ሜትር ሲነጠፍበት ደግሞ 71 ዋት ብቻ ይሆናል። በግድግዳ፥ በበርና በመስኮት የሚወጣው ለብቻው ነው።

ከዚህ ሒሳብ አንባቢው የሚያገኘው ትልቅ ቁም ነገር አለ። ኮርኒሱ ብቻውን 800 ዋት አድኗል፤ ስለዚህ ኮርኒስ የሌለው ደንበኛ መጥቶ መጠበቂያ ልግዛ ቢል አስቀድሞ ኮርኒሱን ይሥራ ብሎ መምከር ይገባል። የመጀመሪያው 5 ሳንቲ ሜትር 474 ዋት አድኗል። ሁለተኛው 5 ሳንቲ ሜትር ያዳነው ግን 55 ዋት ብቻ ነው፤ ዋጋውና የመኪና ኪራዩ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ሆኖ ሳለ። በእኔ አስተያየት ለደባርቅና ለዳባት መኖሪያ ቤት 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። 10 ሳንቲ ሜትር የሚገባው ሌሊቱን ሙሉ በኤሌክትሪክ ወይም በሌላ ዋጋ በሚከፈልበት ኃይል ለሚሞቅ ቤት፥ እንዲሁም ወደ ላይ ወጣ ላለ ስፍራ ነው፤ ለምሳሌ በቡይት ራስ እንደ ተሠራው፥ 3,260 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው የሲሚየን ሎጅ ያለ የእንግዳ ማረፊያ ሲሆን ነው።

ውፍረትን የሚያህል ሌላ ነገር ደግሞ የአነጣጠፍ ጥንቃቄ ነው። ከዚያው ክፍል ጣራ 3 ካሬ ሜትሩ ሳይሸፈን ቢቀርና በቀረው ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ቢነጠፍ የሚጠፋው ሙቀት 150 ዋት ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነው ከ5 ሳንቲ ሜትሩ ይብሳል ማለት ነው። ደንበኛው ገንዘቡን እጥፍ አውጥቶ ያነሰ ሙቀት ገዛ።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንለፍ። የመስታወት ሱፍ የሚባለው ከቀለጠ መስታወት እንደ ጥጥ ተፈትሎ የሚሠራ ነው። ብዙ ጊዜ 1 ሜትር ከ20 ስፋት ባለው ጥቅል ይመጣል። ይህ ስፋት ለኛ ሥራ የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም ቺፑድ 1 ሜትር ከ22 በ2 ሜትር ከ44 ስለሆነ የኮርኒሱ ሞራሌ በ61 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይመታል፥ ጥቅሉም ለሁለት ሲቆረጥ በመካከሉ ልክክ ብሎ ይገባል። የመስታወቱ ክር ራሱ አይነድም፤ አንዳንዱ ጥቅል የሚለብሰው ወረቀት ግን ይነዳልና አስመጪው ይህን ለይቶ ይጠይቅ። ሲነጠፍ ያሳክካል፤ ሠራተኛው እጅጌው ረጅም ልብስ፥ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልገዋል። ካንሰር ያመጣል የሚል ወሬ በገበያው አለ፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ነገሩን መርምሮ ለቤት መጠበቂያነት የሚያገለግለውን የመስታወት ሱፍ በካንሰር አምጪነቱ ሊመደቡ ከማይችሉት ወገን አስቀምጦታል። የድንጋይ ሱፍም የዚሁ ወንድም ነው፤ ይከብዳል፥ እሳትን ግን ከመስታወቱ አብልጦ ይችላል።

ከዚህ ጋር ተደባልቆ መቅረብ የሌለበት ነገር አስቤስቶስ ነው። እርሱም ክር ነው፥ እርሱም አይነድም፥ በቀድሞ ዘመን በብዙ አገር ለዚሁ ሥራ ይሸጥ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ማንኛውም ዓይነት አስቤስቶስ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን አስታውቋል፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ጨርሶ ከልክሎታል። ከፈረሰ አሮጌ ሕንፃ የወጣ ግራጫ ክርና ስሙ በውል የማይታወቅ ንጣፍ በርካሽ ሲቀርብ የሚገዛ ባለሱቅ ደንበኛውን ብቻ ሳይሆን ጭነት የሚያወርደውን የራሱን ልጅም ይጎዳል።

ነጩ ፎም፥ በሙያ ስሙ ፖሊስቲሪን፥ ቀላልና ደረቅ ነው፥ ውሃም ቶሎ አይጠጣም፤ በሙቀት አያያዝ ከመስታወት ሱፍ ጋር አቻ ነው። ስለዚህ ዕቃ ነጋዴው ማወቅ ያለበት አንድ የሒሳብ ነገር አለ። ለኮርኒስ የሚሆነው ዓይነት በኩቢክ ሜትር 15 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። 40 ኩቢክ ሜትር የሚይዝ የጭነት መኪና ጢም ብሎ ቢሞላ የተሸከመው 600 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ የቀረው የጂቡቲ አየር ነው፥ ለእርሱም ኪራይ ይከፈላል። ነገር ግን ፎሙ ሳይነፋ፥ ገና እንደ ጨው ቅንጣት ሳለ መግዛት ይቻላል። ቅንጣቱ በእንፋሎት ሲነካ እስከ 40 እጥፍ ይነፋል። 1,000 ኪሎ ግራም ቅንጣት ሲነፋ ከ66 ኩቢክ ሜትር በላይ ፎም ይወጣዋል፤ በ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢቆረጥም ከ1,300 ካሬ ሜትር የሚበልጥ ኮርኒስ ይሸፍናል፥ ማለት ከላይ እንዳየነው ያሉ 66 ክፍሎችን። የሚነፋበት ማሽን ወደ ገበያው በቀረበ ቁጥር የመኪናው ኪራይ ይቀንሳል። ቅንጣቱ በውስጡ የሚነድ ጋዝ ስላለበት መጋዘኑ አየር የሚገባበት፥ ሲጋራም የማይጨስበት መሆን አለበት።

የፎሙ ጉድለት እሳት ነው። ይቀልጣል፥ ይንጠባጠባል፥ ጭሱም ጥቁርና መርዘኛ ነው። በማድ ቤት ላይ ፈጽሞ አይነጠፍም። ደግሞም ብዙ ኤሌክትሪክ ሠሪዎች ልብ የማይሉት ነገር አለ፤ የተለመደው የኤሌክትሪክ ሽቦ የፕላስቲክ ልባስ ፎሙን ነክቶ ለብዙ ጊዜ ከተቀመጠ ልባሱን የሚያለሰልሰው ቅባት ወደ ፎሙ ይሄድና ልባሱ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሽቦው በቱቦ ውስጥ እንዲያልፍ ወይም ከፎሙ እንዲርቅ ማድረግ የግድ ነው።

ብልጭልጩን የአሉሚኒየም ወረቀት በሚመለከት የሻጮች ምስጋና ከልክ አልፏል። ወረቀቱ ሙቀትን እንደ መስተዋት ይመልሳል፤ ይህ እውነት ነው። የሚመልሰው ግን በፊቱ ክፍት አየር ሲኖር፥ ፊቱም ንጹሕ ሲሆን ነው። ከቆርቆሮው ጋር ተለጥፎ፥ ከሥሩም ኮርኒሱ ተጭኖት ከዋለ ጥቅሙ እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ የተነጠፈም አቧራ ሲለብስ ሥራውን ያቆማል። ሌላም አለ። ወረቀቱ ከላይ ወደ ታች የሚመጣውን የቀን ሐሩር በመመለስ በኩል ብርቱ ነው፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጣውን የሌሊት ሙቀት በማቆየት በኩል ግን ደካማ ነው፥ ምክንያቱም የሞቀ አየር ወደ ላይ ሲነሣ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ የደባርቅ ሰው የሚፈልገው ይህን አይደለም። ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማና አዲ አርቃይ የሚነግድ፥ ወይም ወደ መተማ የሚልክ ነጋዴ ግን ይህን ዕቃ ቢይዝ መልካም ያደርጋል። አንድ የጭነት መኪና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከጋቢ ወደ ነጠላ የሚወርድበት አገር ነውና፥ አንድ ዓይነት መጠበቂያ ለሁሉም ይሆናል ብሎ ማዘዝ አያዋጣም።

ከአገር ውስጥ ከሚገኙት መካከል ሰጋቱራ ቀዳሚ ነው። ጣውላ ቤቶች ሊጥሉት የሚፈልጉት ነገር ስለሆነ ዋጋው የከረጢቱና የኩሊው ብቻ ይሆናል ለማለት ይቻላል። 10 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ሰጋቱራ ከ5 ሳንቲ ሜትር የመስታወት ሱፍ ጋር የሚተካከል ነው። ቤታቸው በባሕር ዛፍ አጠና የተሠራ፥ የማገሩም ርቀት አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ ለሆነባቸው ሰዎች፥ ጥቅል ከመቁረጥ ሰጋቱራ ማፍሰስ ይቀላል፤ በየጎድጓዳው ራሱ ይገባልና። ነገር ግን ክብደቱን ማስላት ያስፈልጋል። በ20 ካሬ ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ሰጋቱራ 2 ኩቢክ ሜትር ነው፤ ይህም 400 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ለዚያው ክፍል የሚበቃው 5 ሳንቲ ሜትር የመስታወት ሱፍ 16 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በብዙ ቤቶች ኮርኒሱ የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት ወይም አቡጀዲ መሆኑ የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለው ኮርኒስ ላይ ሰጋቱራ ማፍሰስ 4 ኩንታል ጭነት በተኙ ልጆች ራስ ላይ ማንጠልጠል ነው። ቆርቆሮው ቢያፈስና ቢርስ ደግሞ ክብደቱ ይበልጥ ይጨምራል። ሰጋቱራ የሚገባው ሞራሌው ጠንካራ፥ ኮርኒሱም ጣውላ ወይም በሚገባ የተመታ ቺፑድ ሲሆን ብቻ ነው። ለማዳበሪያ ኮርኒስ የሚሆነው የመስታወት ሱፍ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከሥሩ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት የሽቦ ወይም የጣውላ መደገፊያ ያሻዋል። ሰጋቱራውን ነፍሳት እንዳይፈሉበት ጥቂት ኖራ መቀላቀል የተለመደ ብልሃት ነው።

የገብስ ገለባ በወገራና በደባርቅ ዙሪያ ሞልቷል። ልቅ ሆኖ ሲነጠፍ አይጥ ይራባበታል፤ ድመት ደግሞ ኮርኒስ ላይ አትወጣም። በቀጭን ጭቃ ተለውሶ ሲደርቅ ግን አይጡም እሳቱም ይቀንስለታል፥ በአንጻሩም ይከብዳል፥ የሙቀት አያያዙም ይቀንሳል። ጭቃው በበዛ ቁጥር ወደ ግድግዳነት ይጠጋል፤ ስለዚህ ገለባው እንዲያያዝ ብቻ እንጂ እንዲድበሰበስ አያስፈልግም።

የስሜን በግ ጠጉር ግን ሌላ ወሬ ነው። የዚህ አገር በግ ከብርዱ የተነሣ ከሥር ጥቅጥቅ ያለ ጠጉር ያበቅላል። በውጭ አገር የበግ ጠጉር ለጣራ መጠበቂያነት ታጥቦና ተዳውሮ በውድ ዋጋ ይሸጣል፤ በሙቀት አያያዙ ከመስታወት ሱፍ የማያንስ ሲሆን፥ እርጥበትን በራሱ ውስጥ ይዞ ቀስ ብሎ የሚለቅ፥ እሳትም ቶሎ የማይቀበል ነው። ለባና የማይሆነው ሻካራና አጭር ጠጉር ለዚህ ሥራ ይሆናል። የሚያስፈልገው ቅባቱ እስኪለቅ ማጠብና ብል እንዳይበላው በቦራክስ ውሃ መንከር ነው። ላኪዎች ሳይሆኑ የአገር ውስጥ ባለሱቆች ቢያስቡበት፥ ከዳባት ገበያ ተገዝቶ በዳባት ገበያ የሚሸጥ፥ የውጭ ምንዛሪ የማይጠይቅ ሸቀጥ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ከምርጫው በኋላ የሚመጣው ችግር ላብ ነው። ቆርቆሮ በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየላከ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። ከቤት ውስጥ የሚነሣው የትንፋሽና የድስት እንፋሎት ይህን ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ብዙ ሰው «ቆርቆሮው ያፈሳል» እያለ ሚስማሩን በከንቱ የሚያስደፍነው በዚህ ምክንያት ነው። መጠበቂያ ሲገባ ክፍሉ ይሞቃል፥ ቆርቆሮው ግን ከቀድሞው ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ላቡ ይብሳል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። ከመጠበቂያው ሥር፥ ማለት በክፍሉ በኩል፥ ላስቲክ ተዘርግቶ መጋጠሚያው ተደራርቦ መያያዝ አለበት፤ ላስቲኩን ከላይ የሚያለብሱ ሠራተኞች እርጥበቱን አጥምደው መጠበቂያውን ያበሰብሱታል። ከመጠበቂያው በላይ ደግሞ ከቆርቆሮው ጋር ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ባዶ አየር ይቅር፥ በጣራው በሁለቱም ጫፍ የወንፊት ሽቦ ያለው የአየር መውጫ ይከፈት። ቀዳዳው ብርድ ያስገባል ተብሎ መፈራት የለበትም፤ ብርዱ የሚገባው ከመጠበቂያው በላይ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር ደረስን። በደጋው አገር ብርድ ሲበረታ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፥ መልክ የለውም፥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በአሮጌው ቤት በቆርቆሮውና በግድግዳው መጋጠሚያ የሚገባው ነፋስ ብርድ ቢያመጣም ጋዙን በመጠኑ ያስወጣ ነበር። ኮርኒስ ተመትቶ፥ ላስቲክ ተዘርግቶ፥ መጠበቂያ ተነጥፎ ቀዳዳው ሁሉ ሲደፈን ግን ያው ምድጃ ያው ከሰል ቤተሰቡን ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ መጠበቂያ የሚሸጥ ባለሱቅ ሁሉ ለገዢው ሁለት ነገር ይንገር። በክፍሉ ግድግዳ አንድ የአየር መግቢያ ከታች፥ አንድ መውጫ ከላይ የማይደፈን ሆኖ ይቅር፤ የተቀጣጠለ ከሰልም በሚተኙበት ክፍል አይደር። ገዢው ይህን ቢሰማ የሚከስረው ነገር የለም። በ5 ሳንቲ ሜትር መጠበቂያ የዳነው 474 ዋት በ10 ሰዓት ሌሊት ውስጥ ከግማሽ ኪሎ ግራም የሚበልጥ ከሰል ሙሉ በሙሉ ነዶ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር እኩል ነው። ከሰሉን የሚተካው ራሱ የገዛው ዕቃ ነው ማለት ይቻላል።

የጭስ ማውጫ ቱቦ በኮርኒስ ውስጥ በሚያልፍበት ስፍራ ምንም የሚነድ ነገር እንዳይጠጋው ክፍት ቦታ ተትቶ በቆርቆሮ ይከለል። ኮርኒስ ውስጥ የሚገቡ አምፖሎችም ከላያቸው አይሸፈኑ፤ በመጠበቂያ የተቀበረ አምፖልና ከልኩ በላይ ጭነት ያለበት ሽቦ ሙቀቱን የሚያወጣበት ስለማይኖረው ይጋላል።

ለአስመጪው የምጨምረው የትእዛዝ አጻጻፍ ነው። በፕሮፎርማው ላይ «የጣራ መጠበቂያ፥ አንደኛ ደረጃ» ተብሎ የተጻፈ ትእዛዝ ምንም አልተጻፈበትም ማለት ነው። መጻፍ ያለበት ውፍረቱ በሚሊ ሜትር፥ ክብደቱ በኩቢክ ሜትር ስንት ኪሎ ግራም እንደሆነ፥ የጥቅሉ ስፋትና ርዝመት፥ ወረቀት ወይም አሉሚኒየም የለበሰ መሆን አለመሆኑ፥ የእሳት ደረጃው፥ ሙቀት የማሳለፍ ቁጥሩም ነው። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ለመስታወት ሱፍና ለነጭ ፎም 0.04 ገደማ ወይም ከዚያ ጥቂት ዝቅ ያለ ሊሆን ይገባል፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ከዚህ እጅግ ያነሰ ቁጥር የሚጽፍ ሻጭ ቢገኝ የፈተናውን ወረቀት እንዲልክ መጠየቅ ነው፤ የቆመ አየር ራሱ 0.025 ያህል ነውና።

የመስታወት ሱፍ ጥቅል ቦታ እንዲቆጥብ በፋብሪካ ተጨምቆ ይታሸጋል። ጭምቁ ሲፈታ ወደ ተጻፈው ውፍረት መመለስ አለበት፤ በመጋዘን ከሥር ሆኖ ለብዙ ወር ከባድ ዕቃ የተጫነው ጥቅል ግን አይመለስም። 5 ሳንቲ ሜትር ተብሎ ተሽጦ ሲዘረጋ 3 የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለሱቁ ሲረከብ ከየጭነቱ አንድ ጥቅል ፈትቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ በሜትር ይለካው። በክረምት የሚጓዝ ጭነት ሸራው አንድ ቀዳዳ ቢኖረው ይርሳል፤ የራሰ ሱፍ ቢደርቅም እንደ ቀድሞው አይነሣም። ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባ፥ ከዚያም በጎንደር በኩል እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ ረጅም ስለሆነ፥ ጭነቱ ዝናቡ ሳይጠና በሰኔ መግቢያ ወይም ካለፈ በኋላ በመስከረም መጨረሻ እንዲነሣ ማድረግ ይሻላል። የቤት ሥራ የሚጀመረውም ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ የመጀመሪያው ውርጭ በጥቅምት ሳይወርድ በሱቁ የተገኘ ጥቅል ገዢ አያጣም። ለዛሪማና ለአዲ አርቃይ የሚላከው ብልጭልጭ ወረቀት ግን የቆላው ሐሩር እስከሚበረታበት እስከ የካቲት መጨረሻ ቢቆይ የሚጎዳ ነገር የለም፤ ቀላል ስለሆነም ከሌላ ጭነት ጋር ተደርቦ ሊወርድ ይችላል።